የመሐለቁ ባለቤት ማን ነው? ስለ አንዲት የፈረንሳይ ዴኒዬ ቱርኗ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በአቅራቢው የታረመ)



በዚህ ጥቁር ጨርቅ ላይ ያስቀመጥኋት ነገር ከኋላ ለተቀመጣችሁት እንደማትታይ አውቃለሁ። ከፊት ላላችሁትም ቢሆን ከሸሚዝ ቁልፍ የምትለይ አይመስለኝም። ስፋቷ 18 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቷ ከአንድ ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ መልኳ ግራጫ ነው ሲሉት ወደ ቡናማ ያደላል፤ ዳሯ አልተስተካከለም። በአንድ ወገኗ መስቀል አለ፤ በመስቀሉ ዙሪያ «ፊሊፑስ ሬክስ»፣ ማለትም «ንጉሥ ፊሊፕ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ይነበባል። በሌላው ወገኗ ቤተ መቅደስ ይሁን ግንብ ለመለየት የሚያስቸግር ሕንጻ ተቀርጿል፤ ዙሪያውን «ቱሮኑስ ኪቪስ» ይላል፤ የቱርን ከተማ መጥራቱ ነው። ፈረንሳውያን ዴኒዬ ቱርኗ ይሏታል። ከብዙ ዓመታት በፊት ከአንድ የአሮጌ ገንዘብ ነጋዴ ስገዛት ዋጋዋ ከአንድ መካከለኛ መጽሐፍ ዋጋ አይበልጥም ነበር፤ እጅግ ብዙ ስለ ታተመች ዛሬም ብርቅ አይደለችም። እኔም የመረጥኋት ተራ ስለሆነች ነው። የወርቁን መሐለቅ ነገሥታትና ታላላቅ ነጋዴዎች ይዘውታል፤ ይህችን ግን ዳቦ ገዥው፣ የቀን ሠራተኛውና የቤት ኪራይ ከፋዩ ይዟታል።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ላሳስብ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም «ሳንቲም» የሚለው ቃል በእኛ ልማድ የብርን መቶኛ እጅ ስለሚያሳስብ፣ «መሐለቅ» የሚለውን የቆየ ቃል መርጫለሁ።

መሐለቋን አገላብጣችሁ ብትመረምሩ ሦስት ነገሮች ታጡባታላችሁ። ዓመት የላትም። የንጉሡ ተራ ቁጥርም የላትም፤ ከ1180 እስከ 1350 ባለው ጊዜ በፈረንሳይ ዙፋን ላይ ፊሊፕ የሚባሉ አምስት ነገሥታት ተቀምጠዋልና የትኛው እንደሆነ የምንገምተው ከፊደሉ አቀራረጽ፣ ከክብደቷና በውስጧ ካለው ብር ነው። ሦስተኛው ጉድለት ግን የዛሬው ንግግሬ ሥር ነው፤ ዋጋዋ አልተጻፈባትም። «አንድ» አትልም፣ «ሁለት» አትልም። ምን ያህል እንደምታወጣ የሚነገረው በንጉሡ አዋጅ ነው፤ አዋጁ ደግሞ ሲነጋ ሊለወጥ ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ፣ ወደ ሻርለማኝ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። በ790ዎቹ ይህ ንጉሥ አንድ ሊቭር፣ ማለትም አንድ የሚዛን ፓውንድ ብር በ240 ዴኒዬ እንዲከፈል ደነገገ። 12 ዴኒዬ አንድ ሱ፣ 20 ሱ አንድ ሊቭር ሆነ። ዴኒዬ የሮማውያኑ ዴናሪዩስ ወራሽ ነው፤ በአማርኛው ወንጌል የምናነበው «ዲናር» ከዚሁ ግንድ የወጣ ቃል ስለሆነ ባዕድ አይሁንባችሁ። ልብ ማለት የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ለብዙ መቶ ዓመታት በእጅ የሚያዝ መሐለቅ ዴኒዬ ብቻ ነበር። ሱና ሊቭር የመቁጠሪያ ስሞች እንጂ የሚጨበጡ ነገሮች አልነበሩም። ሰው ቤቱን በዓመት በአሥር ሊቭር ሲያከራይ ቃሉን የሰጠው በስም ነው፤ ቀኑ ሲደርስ የሚቀበለው ብረት ነው። በስሙና በብረቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚወስነውም ንጉሡ ነው።

የሻርለማኝ ልጅ ልጆች ሲዳከሙ የገንዘብ ማተም መብት ወደ መኳንንቱ፣ ወደ ጳጳሳቱና ወደ ገዳማቱ ተበተነ። የቱርን ዴኒዬ ያወጣው የቅዱስ ማርቲን ገዳም ነበር። ዳግማዊ ፊሊፕ (ፊሊፕ ኦጉስት የሚባለው) በ1203 እና 1204 የቱሬንን ምድር ከእንግሊዙ ንጉሥ ከጆን ሲነጥቅ፣ ሕዝቡ የለመደውንና በሎዋር ወንዝ አካባቢ በሰፊው የሚዘዋወረውን የገዳሙን መሐለቅ አላጠፋም፤ ሥዕሉን እንዳለ ትቶ የራሱን ስም ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ ከፓሪሱ ዴኒዬ ጎን ለጎን ሄደ፤ አራት የፓሪስ አምስት የቱር ይመነዘር ነበር። የቱሩም ቀስ በቀስ አሸነፈ። ክብሩ ከሀገሩም ዘለለ፤ በግሪክ ምድር የሰፈሩት የፍራንክ መሳፍንት በአካይያ ይህንኑ ሕንጻ እየቀረጹ የራሳቸውን ቱርኗ አትመዋል።

ቀጥሎ ሉዊ ዘጠነኛ፣ ኋላ «ቅዱስ ሉዊ» የተባለው መጣ። በ1260ዎቹ መጀመሪያ የንጉሡ ገንዘብ በመንግሥቱ ሁሉ እንዲዘዋወር፣ የመኳንንቱ ግን በየራሳቸው ርስት ብቻ እንዲወሰን አዘዘ። በ1266 ደግሞ ግሮ ቱርኗ የተባለ ትልቅ የብር መሐለቅ አወጣ። ክብደቱ 4.22 ግራም ያህል፣ ብሩም በጊዜው ጥበብ ሊጠራ የሚችለውን ያህል የጠራ ነበር፤ «የንጉሥ ብር» በሚባለው ልክ ከ24 እጅ 23 እጁ ንጹሕ ነው። ዋጋው በትክክል አንድ ሱ፣ ማለትም 12 ዴኒዬ ሲሆን፣ በዳሩ የተደረደሩት 12 የአበባ ቅርጾች ይህንኑ ማንበብ ለማይችል ሰው ይነግሩታል ተብሎ ይታመናል። ከሻርለማኝ ጀምሮ ስም ብቻ የነበረው ሱ አካል አገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ ግሮው ንጹሕ ብር ከሆነ፣ ይህች የጠቆረች ዴኒዬ ሐሰተኛ ናት ማለት ነውን? አይደለም። እናስላው። የቅዱስ ሉዊ ዴኒዬ 1.1 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከዚህም ውስጥ ብሩ ከመቶ 30 ገደማ ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። ዐሥራ ሁለቱን በአንድነት ብታቀልጡ የምታገኙት ብር ከ4 ግራም እምብዛም አይጎድልም። በአንዱ ግሮ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብርም 4 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ መዳቡ ሐቀኛ መዳብ ነበር። ለዳቦ መግዣ የሚሆን ሩብ ወይም ሲሶ ግራም ንጹሕ ብር በጣት ሊያዝ ስለማይችል፣ መዳቡ አካል ሰጠው። ይህን ቅይጥ ፈረንሳውያን ቢዮን ይሉታል፤ በእጅ ላብ ቶሎ ስለሚጠቁርም ሕዝቡ «ጥቁር ገንዘብ» ብሎታል፤ ግሮውና መሰሎቹ ደግሞ «ነጭ» ተባሉ። ቅይጥነት በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ የሚጀምረው ልኩ በምስጢር ሲለወጥ ነው፤ ቢያንስ እኔ እንዲህ አምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልናገር፤ ብር አንጥረኛ ሲሠራ ያየ ሰው አብዛኛውን ወዲያው ይረዳዋል። ብርና መዳቡ በማቅለጫ ሸክላ ይቀልጣል፤ እንደ ልጥ ይፈስሳል፤ በመዶሻ ይሳሳል፤ በመቀስ ይቆረጣል፤ ዳሩ ይከረከማል። መሐለቆቹ ከማኅተሙ በፊት በወይን በርሜል ግድግዳ ላይ በሚጋገረው ጎምዛዛ አተላና በጨው ተፈልተው ይታጠባሉ። ይህ እጥበት ከላይ ያለውን መዳብ በልቶ ያስወግድና ስስ የብር ገጽ ያስቀራል። አዲስ የወጣች ዴኒዬ እንደ ንጹሕ ብር የምታበራው ለዚህ ነው፤ ከጥቂት ወራት መዘዋወር በኋላ ጉንጯ ሲፋቅ ቀዩ መዳብ ብቅ ይላል።

ማኅተሙ ሁለት ነው። የታችኛው በግንድ ላይ ተተክሎ ይቆማል፤ የላይኛውን ሠራተኛው በግራ እጁ ይይዛል፤ ጠፍጣፋውን ብረት በመካከል አድርጎ በቀኝ እጁ በመዶሻ ይመታል። ምቱን በቀጥታ የሚቀበለው የላይኛው ማኅተም ቶሎ ስለሚሰበር በየጊዜው ይተካል። ምቱ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ጽሑፉ ይጎድላል፤ እጁ ከተንቀጠቀጠ ሥዕሉ ይደገማል። እነሆ በእኔዋ መሐለቅ ላይ የ«ሬክስ» መጨረሻ ፊደል ከዳሩ ወጥቶ ጠፍቷል። የሚመታው ሰው ደክሞት ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ማስረጃ ግን የለኝም። በፈረንሳይ መዶሻው በማተሚያ መኪና ፈጽሞ የተተካው በ1640ዎቹ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አራተኛው ፊሊፕ፣ «መልከ መልካሙ» የሚባለው፣ በ1294 ስለ ጋስኮኝ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመ፤ የፍላንደርስም ጦርነት ተከተለ። ጦርነት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ንጉሡ ደግሞ በየዓመቱ ግብር የመጣል ልማድም ሥልጣንም ገና አልነበረውም። በእጁ የነበረው ፈጣን መሣሪያ የገንዘብ ማተሚያ ቤቱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ነጋዴው ብሩን ወደ ማተሚያ ቤት ያመጣል፤ ከአንድ ማርክ ብር (245 ግራም ያህል) የሚወጣው መሐለቅ በዋጋ ተቆጥሮ፣ ለነጋዴው የሚከፈለውና የሠራተኛው ወጪ ሲቀነስ የተረፈው ለንጉሡ ይሆናል። ብሩን በመዳብ ካሳሳ፣ ወይም መሐለቁን ካቀለለ፣ ወይም ሳይነካው ዋጋውን በአዋጅ ከፍ ካደረገ፣ ከዚያው ብር የሚወጣው ሊቭር ይበዛል፤ ትርፉም ይበዛል። ከ1295 ጀምሮ ፊሊፕ ሦስቱንም አደረገ። በ1298 እና 1299 መካከል ከግምጃ ቤቱ ገቢ ከግማሽ በላይ የሆነው ከዚህ የማተም ትርፍ የመጣ ነው። በ1305 ዋዜማ፣ በቅዱስ ሉዊ ዘመን 12 ዴኒዬ የነበረው ግሮ ከሦስት እጥፍ በላይ ይቆጠር ነበር።

በዚያው ዘመን ሐሰተኛ ገንዘብ የሠራ ሰው ቅጣቱ ምን እንደነበር ታውቃላችሁን? ፊሊፕ ደ ቦማኗር በ1283 ባጠናቀቀው የቦቬዚ ልማዳዊ ሕግ መጽሐፉ፣ ተቀቅሎ ይሰቀላል ይላል። ዳንቴም ሕዝብ በየመንደሩ የሚያጉረመርመውን በቅኔ አስገባው፤ በ«ገነት» መጽሐፉ 19ኛው መዝሙር፣ ገንዘብን በማበላሸት በሴን ወንዝ ዳር ኀዘን ያመጣ ንጉሥ ብሎ ይወቅሰዋል። «ሐሰተኛ ገንዘብ ሠሪው ንጉሥ» የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ በፊሊፕ ላይ እንደ ተለጠፈ ቀረ።

እኔም ይህንን ስም ለብዙ ዓመታት እንዳለ ተቀብዬ አስተምሬዋለሁ። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ቀደምት ተማሪዎቼ አንዳንዶቻችሁ ማስታወሻችሁን ብታገላብጡ «ፊሊፕ ገንዘቡን አረከሰ፣ ሕዝቡ ተቈጣ፣ ፓሪስ ዐመፀች» የሚል አረፍተ ነገር ታገኛላችሁ። አረፍተ ነገሩ የእኔ ነው፤ ስሕተትም ነው። ዛሬ ይህን ርእስ የመረጥሁት ከሁሉ በፊት ይህን ለማረም ነው።

የፓሪስ ዐመፅ የተነሣው በታኅሣሥ 1306 መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ንጉሡ ገንዘቡን አላረከሰም ነበር፤ እንዲያውም ከጥቂት ወራት በፊት ወደ ቅዱስ ሉዊ መልካም ገንዘብ እንመለስ ብሎ አውጆ ነበር። ጳጳሳቱና መኳንንቱ ለዓመታት ሲለምኑት የነበረውን ፈጸመ። ዐመፁን ያቀጣጠለው መርከሱ ሳይሆን መጥራቱ ነው።

እንዴት? በኪራይ ቤት የሚኖር አንድ የፓሪስ ጫማ ሰፊ በሐሳባችሁ ያዙ። ኪራዩን በደካማው ገንዘብ ዘመን ተስማምቷል፤ ገቢውም ዋጋውም በዚያው ገንዘብ ነው። የገና ኪራይ ቀን ሲደርስ አከራዩ «የተዋዋልነው በሊቭር ነው፤ የዛሬው ሊቭር ደግሞ ይህ ነው» ይለዋል። ስሙ አልተለወጠም፤ ከስሙ በታች ያለው ብር ግን ሦስት እጥፍ ሆኗል። ጫማ ሰፊው በአንድ ሌሊት የሦስት ዓመት ኪራይ የሚያህል ብር ተጠየቀ ማለት ነው። ሕዝቡ የኤቲየን ባርቤትን ቤት አቃጠለ፤ ባርቤት ባለጸጋና የገንዘብ ማተሚያ ቤት ኀላፊ የነበረ የከተማው ሹም ነው፤ ኪራይ በጠንካራው ገንዘብ ይከፈል ብሎ መከረ ተብሎ ይታማ ነበር። ከዚያ ወደ ታምፕል፣ ንጉሡ ወዳረፈበት የቤተ መቅደስ ፈረሰኞች ምሽግ ሄዶ ከበበው። የዘመኑ ጸሓፊዎች ለንጉሡ የሚገባውን ምግብ ከጭቃ እየጣሉ ረገጡት ይላሉ። ዐመፁ ሲበርድ 28 ሰዎች ተሰቀሉ። ንጉሡን ያስጠለሉት ፈረሰኞችም ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1307፣ በዚያው ንጉሥ ትእዛዝ ታሰሩ፤ ይህ ግን የሌላ ቀን ንግግር ነው።

ታዲያ ደካማ ገንዘብ ማንን ይጎዳል፣ ማንን ይጠቅማል? የተወሰነ ኪራይና ግብር የሚቀበለውን ይጎዳል፤ እርሱም ባለርስቱ፣ ገዳሙ፣ አበዳሪው ነው። ባለዕዳውን፣ ተከራዩንና የተወሰነ የመሬት ኪራይ የሚከፍለውን ገበሬ ያቃልልለታል። የቀን ሠራተኛው ነገር መንታ ነው፤ የዳቦ ዋጋ ከደመወዙ ቀድሞ ስለሚንር ይጎዳል፤ ዕዳ ካለበት ግን ዕዳው ይቀልለታል። ጠንካራ ገንዘብ ሲመለስ ሁሉም ይገለበጣል። ሬሞን ካዜል የተባለው የፈረንሳይ ታሪክ ሊቅ በ1966 ባሳተመው ጥናት፣ ከ1295 እስከ 1360 የነበረውን የገንዘብ መዋዠቅ ከዚህ አንጻር አንብቦ፣ ወደ ጠንካራ ገንዘብ የመመለስ ግፊት ከባለርስቶች መምጣቱን አሳይቷል። ጽሑፉን ዘግይቼ ነው ያነበብሁት፤ ካነበብሁት በኋላ ግን ያንን አረፍተ ነገር መድገም አልቻልሁም።

ይህም ማለት ንጉሡ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። ደግሞም ሁሉን ነገር በስግብግብነት ብቻ መተርጐም አይገባም። ማርክ ብሎክ፣ በ1944 በናዚዎች የተረሸነው ታላቅ ሊቅ፣ ከሞቱ በኋላ በ1954 በታተመው የአውሮፓ የገንዘብ ታሪክ ንድፉ፣ የመሐለቅ መርከስ የገንዘብ እጥረትን፣ የብርና የወርቅ ዋጋ መናጋትንና የመንግሥትን ፍላጎት በአንድነት ይዞ መታየት እንዳለበት ያስተምራል። በእርግጥም ብር በዚያ ዘመን አስቸጋሪ ነገር ነበር። መሐለቅ በመዘዋወር ይፈገፈጋል፤ አንዳንዱ ዳሩን እየላጨ ይሰርቃል፤ ብዙ ብር ቅመምና ሐር ለመግዛት ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ንጉሡ ልኩን ባይነካው እንኳ፣ ጎረቤቱ የራሱን ካቀለለ፣ የንጉሡ ጥሩ መሐለቅ ተሰብስቦ ድንበር ይሻገርና ይቀልጣል።

ችግሩ እየከፋ የሄደው በመቶ ዓመቱ ጦርነት ነው። ስድስተኛው ፊሊፕ ከ1337 ጀምሮ ወደ አያቶቹ ዘዴ ተመለሰ፤ በ1349 ከንጉሡ ገቢ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ከማተም ትርፍ ነበር። ልጁ ዣን ባሰበት፤ በ1350ዎቹ ልኩ በዓመት ውስጥ በተደጋጋሚ ይለወጥ ነበር። ለማተሚያ ቤቱ ሹማምንት የተላኩት ትእዛዞች ናቸው እኔን ሁልጊዜ የሚያስደነግጡኝ። የብሩ መጠን መቀነሱን በመሐላ እንዲደብቁ፣ ብር ይዘው ለሚመጡት ነጋዴዎችም እውነተኛውን ልክ እንዳይገልጡ ያዝዛሉ። በ1306 የነበረው አዋጅ ቢጎዳም በአደባባይ የተነገረ ነው። ይህ ግን ማኅተም ያለበት ውሸት ነው። ቅድም «ነውሩ በምስጢር ሲለወጥ ይጀምራል» ያልሁት ስለዚህ ነው።

በዚህ ጊዜ፣ በ1350ዎቹ አጋማሽ ገደማ፣ ኒኮል ኦሬም የተባለ የኖርማንዲ ተወላጅ ካህንና ፈላስፋ ስለ ገንዘብ አንድ አጭር የላቲን ድርሳን ጻፈ። ኋላ አርስጣጣሊስን ወደ ፈረንሳይኛ የተረጐመው፣ የሊዚዩም ጳጳስ የሆነው እርሱ ነው። ጥያቄው ቀጥተኛ ነው፤ ገንዘቡ የማን ነው? በመሐለቁ ላይ ያለው የንጉሡ መልክና ስም ነው። ስለዚህ የንጉሡ ነውን? «የቄሣርን ለቄሣር» የሚለውን የወንጌል ቃል የሚጠቅሱበት ነበሩ። ኦሬም ይህን አይቀበልም። ዲናሩ ለቄሣር የተገባው መልኩ ስላለበት ሳይሆን ግብር ስለሆነ ነው ይላል። ንጉሡ ማኅተሙን የሚያሳርፈው ለሕዝቡ ምስክር ሆኖ ነው፤ ክብደቱና ጥራቱ ይህ ነው ብሎ ስለሚመሰክር ነው። ባለቤቱ ግን ጉልበቱን፣ እህሉን ወይም ዕቃውን ሰጥቶ የተቀበለው ሰው፣ በአጠቃላይም ማኅበረ ሰቡ ነው። እንግዲህ ምስክሩ ምስክርነቱን ሸጦ ሲያተርፍ ከአራጣ የከፋ ነው፤ አራጣ አበዳሪው ቢያንስ ፈቅዶ የሚበደር ሰው አለው፤ ልኩን የሚለውጠው ንጉሥ ግን ካልፈቀደው ሰው ይወስዳል። በእውነተኛ ችግር ጊዜ ለውጥ ካስፈለገም የሚፈቅደው ማኅበረ ሰቡ ራሱ ነው።

ይህን ድርሳን ሳስተምር የሚገጥመኝ ፈተና አለ። ኦሬም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ታላቅ የኪራይ ተቀባይ ነበረች። ጠንካራ ገንዘብ ለወገኖቹ ጥቅም ነው። ስለዚህ አንዳንድ ተማሪዎች «የባለርስት ጠበቃ» ብለው ይዘጉታል። አመለካከታቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አልስማማም። አንድ ሰው በጥቅሙ በኩል ቆሞ እውነት ሊናገር ይችላል። ጫማ ሰፊውም በ1306 የሚፈልገው በመሠረቱ ኦሬም የጠየቀውን ነበር፤ እርሱ ሳይጠየቅ ውሉ እንዳይለወጥበት። ልዩነቱ ኦሬም ለማርከሱ ጊዜ ተናገረ፤ ጫማ ሰፊው ደግሞ ለማጥራቱ ጊዜ እሳት አነሣ።

ከድርሳኑ ወደ አደባባዩ የነበረው መንገድ አጭር ነው። በመስከረም 1356 ንጉሥ ዣን በፗቲዬ ጦርነት ተማረከ። ልጁ አልጋ ወራሹ ሻርል በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ ደካማ ገንዘብ ሲያውጅ፣ የፓሪስ ነጋዴዎች አለቃ ኤቲየን ማርሴል አንቀበልም አለ፤ ከተማዪቱ ሥራ አቆመች፤ አልጋ ወራሹም በጥር አዋጁን ለመሳብ ተገደደ። በመጋቢት 1357 የወጣው ታላቁ ድንጋጌ ሌላም ብዙ ነገር ይዟል። ማርሴል ራሱ በሐምሌ 1358 በፓሪስ ተገደለ፤ የታሪክ ሊቃውንት ዛሬም በእርሱ ላይ አይስማሙም፤ እኔም በዚህ ሰዓት አልገባበትም።

መቋጫው በታኅሣሥ 5 ቀን 1360 መጣ። ዣን ከእንግሊዝ እስር ሲመለስ ሦስት ሚሊዮን የወርቅ ኤኩ ቤዛ ይጠበቅበት ነበር። ሰው ሁሉ ገንዘቡን እንደገና ያረክሳል ብሎ ሲጠብቅ በኮምፒዬኝ ተቃራኒውን አወጀ። ንጉሡን በፈረስ ላይ የሚያሳይ፣ 3.88 ግራም የሚመዝን የወርቅ መሐለቅ፣ ዋጋው በትክክል 20 ሱ ቱርኗ፣ ማለትም አንድ ሊቭር ሆኖ ወጣ። ይህ ፍራንክ ነው፤ ስሙ እስከ ኢዩሮ ዘመን የዘለቀው። ከሻርለማኝ ጀምሮ ስም ብቻ የነበረው ሊቭርም በመጨረሻ አካል አገኘ። ገንዘቡም በሻርል አምስተኛ ዘመን ሁሉ ጸና።

ነገር ግን በዚያው ቀን የታወጀውን ሌላውን ክፍል የመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ቤዛውን ለመክፈል ከሚሸጥ ዕቃ ሁሉ በአንድ ሊቭር 12 ዴኒዬ፣ ከጨው አምስተኛ እጅ፣ ከወይን ጠጅ ዐሥራ ሦስተኛ እጅ ግብር ተጣለ። መልካሙ ገንዘብ ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውን የከፈለው ጨው ገዥው ነው። ባለርስቱ ኪራዩ ከመርከስ ዳነለት፤ የንጉሡ ግምጃ ቤትም ከማተም ትርፍ ወደ ግብር ተሻገረ። የዘመናዊው የፈረንሳይ ግብር ሥርዓት ከዚህ ቀን ጀምሮ ሥር ሰደደ ማለት ብዙም ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ «1360 የሐቀኛ ገንዘብ ድል ነው» ብዬ እንዳስተምር የሚጠብቁኝ ካሉ አዝናለሁ። ድል ነው፤ ግን የማን ድል እንደሆነ መጠየቅ አለብን። መልሱን ከወርቁ ፍራንክ ይልቅ ይህች ጥቁር ዴኒዬ ትነግረናለች፤ የጨው ግብሩ የሚቈጠረው በእርሷ ነበርና።

ነገሩም በዚያ አልቆመም። በ1389 የተጀመረ አንድ ልማድ አለ፤ እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት በጽሑፉ ውስጥ በተወሰነ ፊደል ሥር ስውር ነጥብ ያኖር ነበር፤ ለምሳሌ ቱር በስድስተኛው፣ ፓሪስ በዐሥራ ስምንተኛው ፊደል ሥር። ጉድለት ሲገኝ የየትኛው ቤት እንደሆነ በዚህ ይታወቃል። ንጉሡ ሠራተኞቹን የሚጠራጠርበት ምልክት ነው፤ ሠራተኞቹ ንጉሡን የሚጠራጠሩበት ነጥብ ግን አልነበራቸውም። ከ1417 እስከ 1422 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ገንዘቡ ዳግመኛ ወደቀ፤ ከመጀመሪያውም የባሰ ነበር፤ ለዛሬው ግን ይብቃን።

አንድ ጨምሬ ላብቃ፤ ከርእሴ ጥቂት ቢያወጣኝም። ፈረንሳውያን ገንዘብን «አርዣን» ይሉታል፤ ቃሉ ብረቱን፣ ብሩንም ይጠራል። እኛም እንዲሁ ነን፤ «ብር» ስንል ማዕድኑንም ገንዘቡንም ማለታችን ነው፤ ዛሬ ወረቀት ይዘን እንኳ። ይህ መገጣጠም ከቃል በላይ የሆነበት ጊዜ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894፣ በእኛ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም.፣ በስማቸውና በመልካቸው የመጀመሪያውን ብር ያሳተሙት በፓሪስ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ነው፤ ይኸው ተቋም ዘሩን ከ864ቱ የሻርል «መላጣው» አዋጅ ይቈጥራል። ብሩ ጥራቱ የታወቀ፣ ሥራውም ያማረ ነበር። ገበያው ግን ለረዥም ጊዜ የለመደውን የማርያ ቴሬዛን ጠገራ መረጠ። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም መሐለቁን ገንዘብ ለማድረግ ብቻውን አልበቃም፤ ነጋዴውና ገበሬው በየገበያው ማረጋገጥ ነበረባቸው። ኦሬም ቢያይ አይደነቅም ነበር።

አሁን ለጥያቄ ጊዜ እንስጥ። ከዚያ በፊት ግን መሐለቋን ማየት የምትፈልጉ በየረድፉ ቀርባችሁ ተመልከቱ። በጣት ጫፍ ዳሯን ይዛችሁ አንሷት፤ ፊቷን አትንኩት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላችሁ ብታዩት፣ በመስቀሉ ጕልህ ክንዶች ላይ የብሩ ገጽ ተፍቆ ቀይ መዳቡ ይታያል፤ በፊደላቱ መካከል ባሉት ጉድጓዶች ውስጥ ግን ከዚያ ከአተላውና ከጨው እጥበት የቀረው ነጭነት እስከ ዛሬ አለ።